ክሪሚኖሎጂ ፖሊስነት አይደለም

“ማስተርሴን በክሪሚኖሎጂ ልቀጥል ነው” ያለ ወጣት ከዘመድ አዝማድ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ “ታዲያ ፖሊስ ልትሆን ነው?” የሚል ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ትምህርቱ በአገራችን በስሙ እንጂ በይዘቱ አልታወቀም፤ አውቀዋለሁ ከሚለውም ሰው ብዙው ያወቀው በፊልም ነው። ወላይታ ሶዶ ግን ነገሩን በቁም ነገር ልታየው የሚገባ ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ተቋም አላት፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲም አላት። ስለ ወንጀል ብዙ ነገር በሚወሰንበት ከተማ፣ ወንጀልን የሚያጠና ሰው ሥራው ምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት።

ከሁሉ የገነነው እምነት ክሪሚኖሎጂን ከምርመራ ጋር አንድ የሚያደርገው ነው። አሻራ ማንሳት፣ የጥይት ቀለህ መመርመር፣ የደም ናሙና መለየት የፎረንሲክ ባለሙያ ሥራ ነው። አስከሬን መመርመር የሐኪም ነው፤ ለረጅም ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን እየተጫነ ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይመጣ የነበረውም ለዚሁ ነበር። ክሪሚኖሎጂ “ማን ገደለ?” ብሎ አይነሣም። በአንድ ወረዳ በመሬት ድንበር ምክንያት የሚፈጸም ግድያ ሲደጋገም፣ በጎረቤቱ ወረዳ ደግሞ ያው ጠብ በሽምግልና ሲያልቅ፣ ልዩነቱ ከምን መጣ ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ዓመት ታስሮ የወጣ ወጣት ወደ ቀበሌው ሲመለስ ምን ይገጥመዋል? ዳኛው በአንድ ዓይነት ጥፋት በሁለት ሰዎች ላይ ለምን የተለያየ ቅጣት ወሰነ? የትምህርቱ ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሌላው እምነት ወንጀለኛ በመልኩ ይታወቃል የሚለው ነው። ይህስ በአንድ ወቅት የሳይንስ ካባ ለብሶ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው እንዳለ፣ ምልክቱም በራስ ቅሉና በመንጋጋው ላይ እንደሚታይ ጻፈ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ ከ3,000 የሚበልጡ እስረኞችን ለክቶ፣ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር አስተያይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ያ የተለየ መልክ እንደሌለ አሳየ። የማስተርስ ተማሪ ይህን ታሪክ የሚማረው ለጨዋታ ያህል አይደለም። ዛሬም ገበያ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ልብሱ የተቀደደው ልጅ ላይ ነውና።

“ሕግ ያልተማረ አይችለውም” የሚሉም አሉ። የሕግ ዕውቀት እርግጥ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የወንጀል ሕግ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበር። ነገር ግን አገር ውስጥ ስለ ወንጀል ጥናት ሲነሣ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው አንዳርጋቸው ተስፋዬ ወደ ጉዳዩ የመጡት ከማኅበራዊ ሥራና ከሶሲዮሎጂ ወገን ነው። ስለ ወንጀል ችግርና ስለ ማረም የጻፉት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በሁለት ቅጽ ታትሟል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1988፣ ሁለተኛው በ2004።

ሕጉ የሚያበቃበትንና ጥናቱ የሚጀምርበትን ቦታ ጠለፋ በደንብ ያሳያል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በወጉ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ አንቀጽ 587 ጠላፊውን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ጋብቻውም ከተጠያቂነት አያድነውም። የሕግ ተማሪ አንቀጹን ያውቃል። የክሪሚኖሎጂ ተማሪ ግን አንቀጹ ከወጣ በኋላ በየመንደሩ ምን ሆነ ብሎ ይነሣል፤ ለዚህ ደግሞ መዝገብ ብቻውን አይበቃውም።

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እምነት እዚህ ላይ ነው፦ “የወንጀሉን መጠን ማወቅ ከተፈለገ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቁጥሩን መጠየቅ ነው።” ፖሊስ የሚመዘግበው የደረሰውን ነው። ለፖሊስ የማይደርሰው ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አገኘ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ እርዳታ የጠየቁት ከአራቱ አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከጠየቁትም የሚበዙት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ይህን ዳሰሳ ያላየ ሰው የጣቢያውን መዝገብ ገልጦ “በዚህ ወረዳ ሚስት የሚመታ የለም” ሊል ይችላል።

በወላይታ ደግሞ ጉዳይ መዝገብ ላይ የማይደርስበት ሌላ ምክንያት አለ። ጉታራ ሕዝቡ ጉዳዩን የሚመክርበት፣ ሽማግሌዎች በዳይንና ተበዳይን አስቀምጠው የሚያስታርቁበት ሸንጎ ነው። በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መቀበል ነውር ነውና እርቁ ይበረታል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የደም መቃባትን ያቆማል፤ በመክሰስና በመከሰስ የሚባክነውን ገንዘብና ጊዜ ያድናል። ያም ሆኖ በእርቅ ያለቀ ጉዳይ መዝገብ ላይ አይታይም። አጥኚው ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፤ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት መስማት፣ ከዚያም ያልተሰማችውን መፈለግ። የተጠለፈችው ልጅ እርቁን ተስማምታበታለች ወይስ ቤተሰቧ ነው የተስማማው? ካሳውን ማን ተቀበለ? እነዚህን ጥያቄዎች በወላይትኛ የሚጠይቅ፣ የነገሩን ወግ የሚያውቅ ተማሪ፣ ከውጭ የመጣ ተመራማሪ በአስተርጓሚ በብዙ ድካም የማያገኘውን ያገኛል። የዚህ አካባቢ ልጅ ለትምህርቱ የሚያመጣው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ሲቃለል ማየት ያሳዝናል።

የወንጀል ነገር ከመዝገብ ይልቅ በሰው ዘንድ እንደሚገኝ ቀድሞም የአገራችን ሰው ያውቅ ነበር። በጥንቱ አውጫጭኝ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪናገር ይቆይ ነበር። በንጹሑም ሰው ላይ የሚጭነው እንግልት የሚደገፍ አይደለም። ስለ ወንጀል የሚታወቀው ነገር ከሹሙ ይልቅ በጎረቤት ልብ ውስጥ እንደሚገኝ ማመኑ ግን ትክክል ነበር።

ያልተመዘገበውን የመፈለጊያው መንገድ ብዙ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973፣ እንግሊዝ ከ1982 ጀምሮ ቤት ለቤት “ባለፈው ዓመት ምን ደረሰብዎ?” እያሉ ይጠይቃሉ። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ፊታቸው ተፈንክቶ ከሚመጡት ታካሚዎች የሚበዙትን ፖሊስ እንደማያውቃቸው አስተዋሉ። ሆስፒታሉ የታካሚውን ስም ሳይጠቅስ ጉዳቱ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደደረሰ ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ማሳወቅ ጀመረ። በኋላ የተደረገው ጥናት፣ በጥቃት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ሶዶ ላይ የኦቶና ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል መዝገብ አለ። ከዚያ ተነሥቶ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል።

“ወንጀል የድህነት ልጅ ነው” የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስላለው ለማረም ያስቸግራል። በዓለም ላይ ካሉ እስረኞች ሴቶች 7 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ድህነት ደግሞ ለሴት አይራራም። ድህነት ብቻውን ወንጀለኛ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እስር ቤቱ በእናቶች በተሞላ ነበር። አሜሪካዊው የወንጀል አጥኚ ኤድዊን ሰዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1939 ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው በብዕር የሚሰርቁትን የሙያው ርዕስ ካደረጋቸው ወዲህ ነገሩ በድሃው ብቻ አላበቃም።

ወላይታ ውስጥ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሊስትሮ ሆነው የሚያድሩ ልጆች ከዚህ መውጣታቸውም ይታወቃል። ልጆቹን ወደ ከተማ በመውሰዱ ጉዳይ ወንጀሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ልጁን “ከተማ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ” ብሎ የሚወስደው ሰው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ነው፤ ወላጅ የሚያምነውም ስለሚያውቀው ነው። የሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል። መሬት ላይ ግን ደላላው፣ አጎቱና አሠሪው አንድ ሰንሰለት ሆነው ይገኛሉ። የት ላይ እንደሚበጠስ ማወቅ የጥናት ሥራ ነው።

ቅጣት ሲከብድ ወንጀል ይቀንሳል የሚለውም እንዲሁ መታየት አለበት። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ መቀጣቱ እርግጠኛ መሆኑ እንደሚያስፈራ ጽፎ ነበር፤ የኋላው ጥናት በአብዛኛው ደግፎታል። ቅርብ ምሳሌ ደግሞ ከወላይታ ጎረቤት፣ ከከምባታ አለ። የወንጀል ሕጉ የሴት ልጅ ግርዛትን በአንቀጽ 565 ሲከለክል ያስቀመጠው መነሻ ሦስት ወር ቀላል እስራት ወይም 500 ብር መቀጮ ነው። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር የመሠረቱት የከምባታ ሴቶች ድርጅት ሽማግሌውን፣ አዋላጇንና ወጣቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ለዓመታት አነጋገረ፤ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ሲዳሩ ሰው አየ። ድርጊቱን የሚደግፈው ሰው በእጅጉ ያነሰው በዚህ መንገድ ነው።

“ተምሮ ሥራ የለውም” ለሚሉ ደግሞ፦ ማረሚያ ተቋማት የታራሚ መልሶ ማቋቋም ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮዎች፣ ፍትሕ ቢሮዎች፣ በሰው መነገድ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችም እንዲሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ ተቀራራቢ ጥፋት ተቀራራቢ ቅጣት እንዲያገኝ የታሰበ ነው፤ በተግባር ያንን ማድረጉን የሚያጣራ ሰው ያስፈልገዋል።

መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። ማስተርሱ በተለምዶ ሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ በኮርስ፣ ሌላው በመመረቂያ ጽሑፍ ያልቃል። ከዚያ በፊት ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። በሕግና በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች ርዕስን ወደ ወንጀል ማዞር ይቻላል፤ ሰንዳፋ ያለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ሌላ በር ነው። አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት አማካሪ የሚሆነው መምህር በዚህ ርዕስ ላይ ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቅ። ታራሚ ለማነጋገር የተቋሙ ፈቃድ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤና የታራሚው የራሱ ስምምነት ያስፈልጋሉ፤ “አልናገርም” ያለው ሰው በዚህ ምክንያት ምንም እንደማይቀርበት ዘበኛው በሌለበት ሊነገረው ይገባል። ለዚህ ሁሉ ወራት ስለሚያልፉ ደብዳቤው ኮርሱ ሳያልቅ ቢጀመር ይሻላል።