የብሩሽ እግር ስላላቸው ቢራቢሮዎችና ስለ መለያቸው

ነፍሳት የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ሁሉ ስድስት እግር እንዳላቸው በትምህርት ቤት ይነገራል። ተማሪ ይህን ሰምቶ ወደ ሜዳ በወጣ ጊዜ በአበባ ላይ ያረፈችውን ብርቱካንማ ቢራቢሮ ቀርቦ ቢቈጥር አራት እግር ብቻ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ወይም መጽሐፉ ሐሰት ነው ይላል፤ ወይም ዓይኔ ተሳስቷል ብሎ መመልከቱን ይተዋል። ነገር ግን መጽሐፉም እውነት ነው፤ ዓይኑም አልተሳሳተም።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የቢራቢሮ ወገን ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው 6,000 ያህል ዓይነት ያለበት፣ በሊቃውንት ዘንድ ኒምፋሊዴ የሚባለው ወገን ነው። በዚህ ወገን ሁለቱ የፊት እግሮች አጥረው፣ ታጥፈውም ከደረት ጋራ ተጣብቀዋል፤ በብዙዎቹም ጠጕር ስለ በቀለባቸው ትንሽ ብሩሽ ይመስላሉ። ቢራቢሮዋ የምትቆመውና የምትራመደው በቀሩት በአራቱ ነው። የፊተኞቹ ግን ለመራመድ ባይሆኑም ከንቱ አይደሉም፤ ሴቲቱ እንቍላል ለመጣል በፈለገች ጊዜ ቅጠሉን በነርሱ መታ መታ አድርጋ ትቀምሰዋለች፤ ለልጆችዋ የሚስማማ ምግብ መሆኑንም በዚህ ታውቃለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው መለያ እግርን መቍጠር ነው። በጎመን ላይ የምትታየው ነጭ ቢራቢሮ በስድስቱም እግሮችዋ ትቆማለችና ከዚህ ወገን አይደለችም። ሁለተኛው መለያ ሙሽሬው ነው። የብሩሽ እግር ወገን ትል መብላቱን ፈጽሞ ሙሽሬ በሚሆንበት ጊዜ በጅራቱ ብቻ ተሰቅሎ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የነጭዋ ቢራቢሮ ሙሽሬ ግን ወገቡን በሐር ክር ታጥቆ ይጣበቃል።

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱን መለየት ይከተላል፤ በዚህ ላይ ግን መልክ ያታልላል። በአገራችን ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባል ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለች፤ የፊት ክንፎችዋ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ትልዋ ወተት የሚያወጡ መራራ ተክሎችን ስለሚበላ መርዙ በሰውነትዋ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍ ሁለተኛ አይነካትም። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ሌላዋ ቢራቢሮ ግን መርዝ የላትም፤ ሴቲቱ የመርዘኛዪቱን መልክ በመምሰልዋ ብቻ ከወፍ ትድናለች። ወንዱ ይህን መልክ አልያዘም፤ ጥቁር ሆኖ በየክንፉ ላይ ትልቅ ነጭ ምልክት አለበት። እንዲህ ያለውን መመሳሰል እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1862 ዓመት ጽፎ አስረዳ።

ሁለቱን ለመለየት የኋላ ክንፋቸውን መመልከት ይገባል። በመርዘኛዪቱ የኋላ ክንፍ መካከል ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ በወንድዋም አራት ይሆናሉ። በምሳሌዋ ክንፍ ላይ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ይገኛል። ወፍ በመልክ ትሳሳታለች፤ ነጥቡን የሚቈጥር ተማሪ ግን አይሳሳትም።

ይህ ድካም ከንቱ የሚመስለው ሰው ቢኖር ቫኔሳ ካርዱይን ያስብ። እርስዋም ብርቱካንማ ናት፤ የኋላ ክንፍዋ በስተ ውስጥ ዓይን የሚመስሉ ክብ ነጥቦች ተሰልፈውበታል። ይህች ቢራቢሮ የአውሮፓ በጋ ሲያልቅ የሰሐራን ምድረ በዳ ተሻግራ ወደ አፍሪቃ ትመጣለች፤ በጸደይም ዘርዋ ይመለሳል። መንገዱን ሁሉ አንዲቱ አትፈጽመውም፤ ልጅና የልጅ ልጅ እየተቀባበሉ ይፈጽሙታል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች አንዲቱን ዓይነት ከሌሎች ለይተው ባያውቁ ኖሮ ይህ ጕዞ ባልታወቀም ነበር።

ለመመልከት የሚሻል ጊዜ ማለዳ ነው፤ ብርዱ ገና ስላልለቀቃት ፈጥና አትበርም። ተማሪ ጥላው እንዳይወድቅባት ተጠንቅቆ በቀስታ ይቅረብ፤ ክንፍዋንም በጣት አይያዝ። በጣት ላይ የሚቀረው ብናኝ እንደ ቤት ክዳን የተደረደረ ቅርፊት ነውና አንድ ጊዜ ከረገፈ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ መጽሐፍ ስድስት ብሎ ዓይን አራት ባየ ጊዜ፣ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ለመጣል አይቸኵል፤ ቀርቦ እንደ ገና ይመልከት። የጠፉት ሁለቱ እግሮች ከደረት ሥር ታጥፈው ይገኛሉ።