ሳንዳ፦ በሚዛን የሚጀመር ፍልሚያ

ውሹ ተብሎ የሚጠራው የቻይና የፍልሚያ ጥበብ በዓለም አቀፍ ውድድር ሁለት ዋና ዘርፎች ያሉት ሲሆን፣ አንደኛው ታኦሉ፣ ማለትም ስፖርተኛው ያለተጋጣሚ የተቀነባበረ እንቅስቃሴ ለዳኞች የሚያሳይበት ነው፤ ሁለተኛው ሳንዳ ደግሞ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በቡጢ፣ በእርግጫና በመጣል የሚፋለሙበት ነው። ሳንዳን ከተለመደው ኪክቦክሲንግ የሚለየው ይኸው መጣል ነው፤ የተጋጣሚን እግር በእጅ ይዞ ወይም ወገቡን አቅፎ መሬት ላይ መዘረር በኪክቦክሲንግ የሚያስቀጣ ሆኖ ሳለ በሳንዳ ነጥብ ያስገኛል።

ፍልሚያው የሚካሄደው በገመድ ባልታጠረ፣ ጎኑ 8 ሜትር በሆነና ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። ቡጢ 1 ነጥብ ሲያስገኝ ደረትን ወይም ጭንቅላትን ያገኘ እርግጫ 2 ነጥብ አለው፤ ራሱ ሳይወድቅ ተጋጣሚውን የጣለም እንዲሁ 2 ነጥብ ያገኛል። በክርንና በጉልበት መምታት፣ ማጅራትንና ብልትን መንካት ክልክል ነው።

የመጣል ጥበብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ትግል ከአገራችን ባህላዊ ስፖርቶች አንዱ ሆኖ በየጊዜው በሚደረጉ ውድድሮች ይካሄዳል፤ ከመተማ እስከ ሽንፋ ባለው ቆላ እንደሌላው የአገሪቱ ገጠር ሁሉ በሜዳ የሚታገል ልጅ የተጋጣሚውን ሚዛን ማሳትን፣ እግሩን ጠልፎ መጣልንና ራሱ ሳይወድቅ መቆምን የሚማረው ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከእኩዮቹ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ በመንደር ትግል አቻ የሚመረጠው በዕድሜና በዓይን ግምት ሲሆን በሳንዳ ግን በኪሎ ነው።

በክብደት መመደብ ያስፈለገው ትልቅ አካል ያለው ሰው ሲመታ የሚያሳርፈው ጉልበት ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ በመጣል ላይ የ10 ኪሎ ልዩነት ችሎታን ከንቱ ሊያደርግ ስለሚችልም ነው። ሳንዳ ወደ እስያ ጨዋታዎች የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 በባንኮክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በሃንግዡ በተካሄደው ጨዋታ ወንዶች በ56፣ በ60፣ በ65፣ በ70 እና በ75 ኪሎ ተወዳድረዋል። በ56 ኪሎ ፍጻሜ ቻይናዊው ጂያንግ ሃይዶንግ ፊሊፒናዊውን አርኔል ማንዳልን አሸንፎ ወርቁን ወስዷል፤ በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱ እርስ በርስ ሳይጋጠሙ ሁለቱም ነሐስ ያገኛሉ፤ ይህም ብዙ ተመልካች የሚስተው ደንብ ነው። በኦሎምፒክ ግን ሳንዳ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ኦሎምፒክን ስታስተናግድ ጎን ለጎን የውሹ ውድድር ቢደረግም በኦሎምፒኩ መርሐ ግብር አልተቆጠረም።

ሚዛኑ ፍትሕን ያመጣውን ያህል አደጋም ይዞ መጥቷል፤ ተጋጣሚው ከምድቡ ጥቂት ግራም ካለፈ መወዳደር ስለማይችል፣ ብዙዎች ከመመዘናቸው በፊት ውኃ ባለመጠጣት፣ ወፍራም ልብስ ለብሰው በመሮጥና በእንፋሎት ክፍል በመቀመጥ ላብ አውጥተው ኪሎ ይቀንሳሉ። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ፈሳሽ ማጣት ብርታትን ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደም ይወፍራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል፤ የአገሪቱ የኮሌጅ ትግል ደንብም ከዚያ በኋላ ተለውጧል።

ይህን የመሰለው ልማድ በደጋ አገር አደገኛ ከሆነ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ ገዳይ ነው፤ በእርሻ ሲሠራ ውሎ ላቡ የደረቀ ወጣት ማታ ለመመዘን ብሎ ከውኃ ቢከለከል የሚያጣው ኪሎ ሳይሆን ሕይወቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም የፍልሚያ ስፖርት ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው ልጁን ወደ ዝቅተኛ ኪሎ ከመግፋት ይልቅ በተፈጥሮ ክብደቱ ያወዳድረው፤ ወላጅም ከሥልጠና በፊት በጥማት የደረቀ ከንፈር ሲያይ ልጁን ወደ ሜዳ አይስደደው።