ነፃው ሶፍትዌር ለ11 ዓመት ሒሳብ ሲያስከፍል ቆየ

7 ብር ለሁለት ሸሪኮች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 3 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። ይህ ለሱቅ ጠባቂ ልጅም የሚጠፋ ሒሳብ አይደለም። ፓይተን የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ለረጅም ዓመታት 7 ለ2 ሲካፈል 3 ነው እያለ ይመልስ ነበር። ቁጥሮቹ ሙሉ ከሆኑ መልሱም ሙሉ ይሁን የሚል ደንብ ስለነበረው ሽርፍራፊውን ይጥለዋል። ባለሙያዎችም ይህንኑ እያወቁ ፕሮግራማቸውን በዚያው ልክ ያበጁ ነበር።

ፓይተን የአንድ ኩባንያ ሸቀጥ አይደለም። ሆላንዳዊው ሚስተር ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ በ1991 የለቀቁት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ከየአገሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች የሚያሻሽሉት ሥራ ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም። እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2008 ሦስተኛው እትም ሲወጣ አዘጋጆቹ የቆዩ ጉድለቶችን በአንድ ጊዜ ለማረም ቆረጡ። 7 ለ2 ሲካፈል 3.5 ሆነ። ጽሑፍ በስክሪን ላይ የሚያወጣው «ፕሪንት» የተሰኘው ትዕዛዝም ያለ ቅንፍ አይሠራም ተባለ። በዚህም የተነሳ በአሮጌው ደንብ የተጻፈ ፕሮግራም በአዲሱ እትም ላይ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይም (ይህኛው ይብሳል) ሳያቆም የተለየ መልስ ይሰጣል።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጥቅሙ ለአማርኛ ተጠቃሚ ጭምር ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል። አሮጌው ፓይተን ግን «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ሲባል በተለመደው አሠራር 9 ይል ነበር፤ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ በኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ነውና። አዲሱ 3 ይላል። የደንበኛ ስም በአማርኛ ለሚመዘግብ ድርጅት ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ረጅም ስም ይጠር ሲባል ፊደሉ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ የማይነበብ ምልክት ይወጣ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከአሻጋሪው መንገድ ነው። አዘጋጆቹ አሮጌውን ኮድ ወደ አዲሱ የሚገለብጥ መሣሪያ አቅርበው ነበር። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ሌሎች ጽፈው በነፃ በለቀቋቸው በርካታ ክፍሎች ላይ ተደግፎ የሚሠራ ነው። የክፍሉ ጸሐፊ «ተጠቃሚዎቼ ገና አሮጌው ላይ ናቸው» ብሎ ይጠብቃል። ተጠቃሚው ደግሞ ክፍሉ ሳይሻገር አልነሳም ይላል። ገዢና ሻጭ ዋጋ ማን አስቀድሞ ይጥራ ብለው ሲተያዩ እንደሚውሉት መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም መስከረም የብር ኖቶች ሲለወጡ ሦስት ወር ተሰጥቶ ነገሩ አለቀ፤ መንግሥት አሮጌውን ኖት ማስቀረት ይችላልና። በነፃ የተለቀቀ ኮድን ግን ማንም ከእጅ ሊነጥቅ አይችልም።

ገበያው የተነቃነቀው አዘጋጆቹ ለቀቅ ሲያደርጉ ነው። እ.ኤ.አ በ2012 በወጣው 3.3 እትም፣ ከጽሑፍ ፊት ትደረግ የነበረችና በ2008 የተሰረዘች አንዲት የ«ዩ» ምልክት ተመለሰች። ነገሩ ኢምንት ቢመስልም አንዱ ኮድ በሁለቱም እትሞች እንዲሠራ አቀለለ፤ ጸሐፊዎቹም ሁለት መዝገብ ከመያዝ ዳኑ። እ.ኤ.አ በ2014 ደግሞ የአሮጌው እትም ማብቂያ ከ2015 ወደ 2020 ተገፋ።

ወጪውን የሸፈነው ተጠቃሚው ነው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ በ2017 ተሻግሮ ሲጨርስ ሥራው 10 ወር ያህል ወስዶበታል። ሚስተር ጊዶን ከ2013 ጀምሮ ቀጥሮ ያሠራ የነበረው ድሮፕቦክስ እንኳ በደንበኞች ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ፕሮግራሙን ያሻገረው በ2018 ነው። የአሮጌው የመጨረሻ እትም እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2020 ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላም ቀሪዎች ነበሩ። ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለከፋይ ደንበኞቹ አሮጌውን እስከ 2024 ሲጠግን ቆይቷል።

አዘጋጆቹ ያን ያህል ለውጥ በአንድ ጊዜ ዳግመኛ አልሞከሩም። አሁን አንድ ነገር ከመሰረዙ በፊት ቢያንስ በሁለት ተከታታይ እትሞች ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2024 በወጣው 3.13 እትም 19 ያረጁ ክፍሎች ሲወገዱ፣ ማስጠንቀቂያው ከ2022 ጀምሮ ሲነገር የቆየ ነበር።