የጫካው አበባ ለግቢያችን ለምን ባዕድ ይሁን?

አበባ መትከል የሚወድ ሰው በከተሞቻችን ጥቂት አይደለም። ግቢ ያለው በአጥሩ ሥር፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪውም በረንዳው ላይ በሳክሲያ ያበቅላል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ዘንድ ጎላ ብለው የሚታዩት ግን በአብዛኛው ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ፣ ጌራኒየም የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። በሌላ በኩል በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በዚህ ምድር 6,000 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ ያሳያል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከዚህ ውጭ የትም አይበቅልም። አበባ ወዳድ ሰው ከዚህ ሀብት ጥቂቱን ወደ ግቢው ቢያስገባ ለራሱ ደስታ፣ ለአገሩም ዋስትና ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ይህ የሚሠራው ተክሉ ከጫካ ተነቅሎ ሳይሆን ከዘር ወይም ከቁራጭ ተባዝቶ ሲመጣ ብቻ ነው።

«የዱር አበባ ለዱር ነው፤ ለግቢ አያምርም» የሚል አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ሞዛምቢክ የሚበቅለውን አንድ የግላዲዮለስ ዝርያ በምሳሌነት ላንሳ። ነጭ አበባው መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ቀለም አለው፤ መዓዛውም ያውዳል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አትክልተኞች ሽንኩርት መሰል ሥሩን እየገዙ ይተክሉታል፤ የብሪታንያ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበርም ለምርጥ የግቢ ተክሎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቶታል። እናቶቻችን ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላም በእንግሊዝ ግቢዎች ለአበባው ተብሎ ይተከላል። ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው መልካም ሽታ አለው፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁም አጥር ይሆናል። በግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ ለሚፈልግ ደግሞ መዓዛማው ጠንበለል አለ። ስለዚህ የጎደለው ውበት አይደለም፤ አባዝቶ ለገበያ የሚያቀርበውና የሚጠይቀው ሰው ነው።

ይህ ማለት የውጭ አበባ ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም። ጽጌረዳም ሆነ ጌራኒየም ከግቢ አልፎ እርሻ ሲወር አላየንም። ይሁን እንጂ በውበቱ ብቻ ተመርጦ የሚመጣ ተክል ሁሉ እንዲህ ጨዋ አይሆንም። ጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተውም ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰዎች ለኩሬ ማስጌጫ እያሉ ስለወሰዱት ነው። የወፍ ቆሎም ለአጥርና ለጌጥ ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ ዓለምን ከዞረ በኋላ፣ በአገራችን የግጦሽ መሬት እየያዘ አርብቶ አደሩን ያስቸግራል። አገር በቀሉ ተክል ግን ከነፍሳቱ፣ ከአዕዋፉና ከአየሩ ጋር ለብዙ ዘመን አብሮ ስለኖረ፣ ከመጣበት ከፍታና አየር ጋር በሚመሳሰል ቦታ ከተተከለ እንዲህ ያለ መዘዝ አያስከትልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ አበባ ሰብሳቢ ሲበዛ ጫካው አይራቆትም ወይ? ስጋቱ እውነት ነው። በአውሮፓ በብርዱ ወቅት መጨረሻ የሚያብብ ጋላንተስ የሚባል ትንሽ ነጭ አበባ አለ። ሰብሳቢዎቹ ብርቅ ለሆነ ዝርያ ዋጋ አይቆጥቡም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአንዱ ሥር ብቻ በ1,390 ፓውንድ ተሸጧል። ለተራው ገበያ ደግሞ ከቱርክ ተራሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ሥር እየተቆፈረ ይወጣ ስለነበር፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ንግዱ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ስምምነት ቁጥጥር ሥር ዋለ። ከዚህ የምንማረው ጉዳቱ ከመቆፈሩ እንጂ አበባ ከመውደዱ እንዳልመጣ ነው። በግቢ ተባዝቶ ከጎረቤት ጎረቤት የሚተላለፍ ተክል ከጫካው አንዲት ሥር አያጎድልም።

መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። አደይ አበባ ደርቆ ዘሩን ከመርገፉ በፊት ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት መልቀም፣ የቀረውን ለመሬቱ መተው ይበቃል። ቀጋ ከዘር ይበቅላል፤ ጠንበለልም ከቁራጭ ሥር ይሰዳል። እንሶስላ የጫካ ጥላና የወንዝ ዳር እርጥበት ስለለመደ ፀሐይ በማይበረታበት ማዕዘን፣ የበሰበሰ ቅጠል በበዛበት አፈር ይተከል። ከጥብቅ ደንና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ፈቃድ ምንም አይወሰድ። መለየትና መማር የሚፈልግ፣ የአዲስ አበባ ከተማና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የመሠረቱትን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይጎብኝ።

«አንድ በረንዳ ምን ያድናል?» ለሚለው፣ በረንዳ ጫካን እንደማይተካ ሳልሸሽግ እመልሳለሁ። በሰሜኑ ደጋ የተረፈው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ተበታትኖ ያለ ቁራጭ ደን ነው፤ እሱን የሚያድነው ጥበቃ ብቻ ነው። ግን እነዚያ ደኖች እስከ ዛሬ የቆዩት የሕግ አንቀጽ ብቻውን ስለጠበቃቸው ሳይሆን፣ ሕዝቡ የእኔ ናቸው ብሎ ስላከበራቸው ነው። በግቢው እንሶስላ ያሳደገ ልጅ ጫካ ውስጥ ሲያገኛት በስሟ ያውቃታል፤ ስትጠፋም መጥፋቷ ይታወቀዋል። ደንበኛው ቀጋና ጠንበለል ሲጠይቅም ችግኝ አፍዩ ያፈላል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ችግኝ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት «የአገራችን አበባ የቱ ነው? ከዘር ነው ያፈላችሁት?» ብሎ ይጠይቅ።