በበየዳ ግቢ የሚተከለውን ጥድ ስለ መለየት

ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት በበየዳ ደጋ፣ ግቢውን በዕፀዋት ሊያስጌጥ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገባው፣ ከሩቅ ሲታዩ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉትን የሐበሻውንና የፈረንጁን ጥድ ነው። የሁለቱም ጎልማሳ ቅጠል እንደ ቅርፊት የተነባበረ ስለ ሆነ በቅጠል ብቻ መፍረድ ያሳስታል፤ የታመነው ምስክር ፍሬው ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው የሐበሻ ጥድ ሴቴው፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁረት የሚያደላ ጥቃቅንና ሥጋማ ፍሬ ሲያፈራ፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ግን እንጨትነት ያለው ድቡልቡል ፍሬ ይይዛል፤ ይህም ሲደርቅ ተከፋፍቶ ዘሩን ይበትናል።

አስታን ስለ ደቃቅ ቅጠሉ ከጥድ ወገን የሚቆጥሩት አሉ፤ ነገር ግን የደወል ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች የሚያወጣ፣ በባሕርዩ ፈጽሞ የተለየ ዕፅ ነው። እኔስ ውርጭ ለሚበረታበት ከፍተኛ ስፍራ፣ ከጥዶቹ ይልቅ አስታንና ደማቅ ቢጫ አበባ ያለውን አምጃን አስቀድማለሁ፤ ሁለቱም ለቁሩ የተፈጠሩ የአገሩ ተወላጆች ናቸውና። ችግኛቸው ግን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ሊነቀል አይገባም፤ የአስታ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ አፈር ሳይጫነው በእርጥብ መደብ ላይ ይበተን።