ካሚዮን በመንደር ውስጥ ሰውን ሲጎዳ ካሣው የማን ዕዳ ነው?

ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የሚመጣው ዕቃ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ፥ በቃሊቲና በሳሪስ የሚያልፈው የካሚዮን ብዛት በዚያ ለሚኖር ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ካሚዮኖቹ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ በዋናው መንገድ ዳር ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ መግቢያ ይቆማሉ፤ ተሳቢያቸውም የእግረኛውን መሄጃ ይዘጋል። በመርካቶም እንደዚሁ ነው፤ ዕቃ የሚያራግፈው ካሚዮን ከሱቁ ደጃፍ ተጠግቶ ሲቆም፥ ልጇን ያዘለች እናት በመኪናውና በግድግዳው መካከል ተጣብባ ታልፋለች፥ ወይም ሳትወድ ወደ መንገዱ መካከል ትወጣለች። ይህን መጻፋችን ካሚዮን አይግባ ለማለት አይደለም፤ በየቤታችን የምንበላው ዘይትና ስንዴ የሚመጣልን በእርሱ ነውና። የምንጠይቀው፥ በዚህ መጨናነቅ ውስጥ ሰው ቢጎዳ ካሣውን የሚከፍል ማን ነው ብለን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የስምንት ዓመት ብላቴና ከትምህርት ቤት ሲመለስ መሄጃው በቆሙ ካሚዮኖች ተዘግቶ ስላገኘው፥ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ሊያልፍ ሲል የፊተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ እግሩን ሰበረው እንበል። ነጂው «ተጠግቶኝ የቆመው መኪና ከልሎኝ አላየሁትም» ይላል። የኋለኛው ነጂ «እኔ ቆሜ ነበር፥ ሞተሬም ጠፍቶ ነበር» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «እኔ በዚያ ቀን አዳማ ነበርሁ፥ ነጂው የሠራውን በምን አውቃለሁ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሲባባሉ ውለው በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ልጁ ነው፤ ለምን ሾለክህ ይባላልና።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቁጥር፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ የነዳውም ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን ስንኳ ባለቤቱ አይድንም። የሚድነው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። በ2086ኛው ቁጥር እንደ ተወሰነውም፥ ጥፋት የለብኝም ወይም ምክንያቱ አልታወቀም ወይም ልከለክለው አልችልም ነበር ማለት ለባለቤቱ አይጠቅመውም። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህም ሸክም የእርሱ እንጂ የልጁ ወላጆች ሸክም አይደለም።

አባቶቻችን የሚያውቁት ሕግ ወደዚህ ቀርቦ ነበር። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ የተዋጊ በሬ ባለቤት፥ የበሬው ዐመል አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀርና በሬው ሰው ቢገድል ራሱ ይጠየቃል፤ ዐመሉን ካላወቀ ግን ነጻ ነው። የዛሬው ሕግ በመኪና ላይ ከዚህ አልፎ ሄዷል፤ ባለቤቱ ዐወቀም አላወቀም ይከፍላል። እኛም ትክክል ነው እንላለን፤ በመኪናው የሚያተርፍ ሰው መኪናው የሚያመጣውንም ጉዳት መሸከም ይገባዋልና።

ሁለተኛው ካሚዮንስ? መቆም በተከለከለበት ስፍራ ቆሞ ከተገኘና መቆሙም ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑ ከተረዳ፥ ሞተሬ ጠፍቶ ነበር ማለት አያድነውም፤ ሕግን መተላለፍ ራሱ ጥፋት ነው። ለአንድ ጉዳት ብዙዎች ኃላፊ ሲሆኑም በ2155ኛው ቁጥር መሠረት ኃላፊነታቸው ያልተከፋፈለ ስለ ሆነ፥ ተጎጂው ከወደደው ሙሉውን ይጠይቃል፤ እነርሱ በኋላ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። ይልቁንም በሰልፍ ከቆሙት መካከል የጎዳው የትኛው እንደ ሆነ ባይለይ፥ 2142ኛው ቁጥር ዳኛው ርትዕ የሚያስገድድ ሆኖ ካገኘው፥ ጉዳት አድራሹ በእርግጥ በውስጣቸው ያለባቸው ሰዎች በአንድነት እንዲከፍሉ ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህ ለንጹሑ ባለ መኪና ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእነርሱ ይልቅ እግሩ የተሰበረው ልጅ ባዶ እጁን ይመለስ ማለት የባሰ ነው።

ደግሞ ነጂው በወንጀል ተከሶ ነጻ ቢወጣ ብዙ ቤተ ሰብ ነገሩ አለቀ ብሎ ይቀመጣል። አላለቀም፤ የካሣውን ነገር የሚሰማው ዳኛ በዚያ ነጻ መውጣት አይታሰርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን በችኮላ የሚደረገው እርቅ ነው። ጉዳቱ በደረሰ በሳምንቱ ሽማግሌ ይላካል፤ ጥቂት ገንዘብ ይቆጠራል፤ አባትየውም እንግዲህ ከዚህ በኋላ አልጠይቅም ብሎ ይፈርማል። ሽምግልና መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የተፈረመ እርቅ እንደ መጨረሻ ፍርድ ሆኖ ያስራል፤ የልጅ አጥንት ደግሞ ቀና ብሎ መጠገኑ ወይም አንካሳ አድርጎ ማስቀረቱ በሳምንት አይታወቅም። ስለዚህ የሕክምናውን ገንዘብ መቀበል ያስፈለገ እንደ ሆነ፥ ለሕክምና ብቻ የተሰጠ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

የኅሊና ጉዳት ካሣን በሚመለከት ሕጉ ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ወስኗል። ይህ በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንዲት በግ ዋጋ ስንኳ አይሞላም፤ ቢሻሻል ደስ ይለናል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ግን የትዳር ጓደኛው፥ ወላጆቹና ልጆቹ ስለ ተቋረጠባቸው መተዳደሪያ በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉና፥ የኅሊናው ካሣ ትንሽ ነው ብሎ ሌላውን መተው አይገባም።

በጥንት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ካሚዮንን ግን ማን ይቋጥረዋል? ስለዚህ በስፍራው የተገኘ ሰው የፊቱን ሰሌዳና የተሳቢውን ሰሌዳ ቁጥር፥ በበሩም ላይ የተጻፈ ስም ካለ ያንኑ ይጻፍ፤ የምስክሮችም ስም፥ የፖሊስ ማስረጃ፥ የሐኪም ወረቀትና የመድኃኒት ደረሰኝ በአንድነት ይቀመጥ። ካሚዮኑ ሸሽቶ ቢጠፋ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ ስንኳ፥ በ2005 ዓ.ም. በወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ መጠየቅ ይቻላል።

ክሱም የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ሕግ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ በዚያው ይቆጠራል፤ ሆኖም ነጂው ይፈረድበታል ብሎ በዚህ ተማምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። ልጁ እስኪድን እንጠብቅ የሚሉ ወላጆች በ1ኛው ዓመት መጨረሻ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ነገረ ፈጅ ቢሄዱ፥ ሕክምናው ባያልቅ ስንኳ ክሱን በጊዜው ያስከፍታሉ።