ያውቁ ኖሯል? ቀዩ የባትሪ ምልክት ስለ ባትሪው ብቻ አይናገርም

ከባሕር ዳር ተነሥተው መራዊን አልፈው ዱርቤቴ ሊገቡ ሲሉ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት ቢበራ፣ አዲስ ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ። ምልክቱ የሚለው «ባትሪው እየተሞላ አይደለም» ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲናሞው ወይም የቺንጋው ነው።

ሞተሩን አጥፍተው ኮፈኑን ይክፈቱ። ቺንጋው ላልቷል? ተሰንጥቋል? የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል? ያ ዱቄት ብቻውን ኤሌክትሪኩን ሊያግድ ይችላል።

ከዚያ ቴስተር ይያዙ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 መውጣት አለበት። ፋሮውን አብርተውም ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ብቻ ነው፣ እሱም ይቀየራል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለው ዲናሞውን አይሞክሩ። ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ የዲናሞውን ዳዮዶችና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።